ጉራ ሌላ፣ ሒሳብ ማቅረብ ሌላ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ብዙ ጊዜ ቀብር አብረን ወጥተናል። የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «ለካ እንዲህ ያለ ሰው ኖሯል!» ያልንበት ቀን ጥቂት አይደለም። ሃያ ዓመት ጎረቤታችን ሆኖ ሲኖር የሠራውን የሰማነው ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ የተነሣሁት ከዚሁ ልማዳችን ጋር ስለሚያያዝ ጉዳይ ልናገር ነው፤ ልጆቻችን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ስለሚያጋጥማቸው ችግር።

ልጆቻችንን ያሳደግናቸው «ትልቅ ሰው ፊት ዓይንህን ስበር፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ እኔ እኔ አትበል» እያልን ነው። በዚህ አልጸጸትም። ነገር ግን ያው ልጅ ፈታኞች ፊት ተቀምጦ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል ምን ይበል? መሬት መሬት እያየ «ያው እንደምታዩኝ ነው» ብሎ ይወጣል። ፈታኙም ጨዋነቱን እንደ አለማወቅ ይቆጥርበታል።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በምሠራበት መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ስንፈልግ አንዲት ሴት ቀረበች። «በፊት በነበርሽበት ምን ሠራሽ?» አልናት። «እኔ ምን ሠራሁና፤ ያዘዙኝን ነዋ» አለች። ቀጥሎ የገባው ሰው ግን ያልሠራው ሥራ፣ ያልመራው ክፍል አልነበረም። እሱን ቀጠርን። በዓመቱ መጨረሻ ንብረት ሲቆጠር መዝገቡና መጋዘኑ አልገናኝ አሉ። ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ሴትዮዋ በቀድሞ ቦታዋ የሦስት ዓመት የተዘበራረቀ መዝገብ አስተካክላ ያስረከበች ኖራለች። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ጠልቀን ያልጠየቅን እኛም አጥፍተናል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ብለዋል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነሱው ናቸው። ሁለቱ የሚታረቁበት መንገድ እዚሁ እድራችን ውስጥ አለ። ገንዘብ ያዣችን ተነሥተው «ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ ቀሪ ይህን ያህል» ሲሉ ማናችንም ጉረኛ አንላቸውም፤ ሒሳብ አቀረቡ እንላለን። ልጆቻችንም ሒሳብ ያቅርቡ። «እኔን የሚያህል ጎበዝ የለም» ማለት ጉራ ነው። «መዝገቡ ተዘበራርቆ ነበር፤ በአራት ወር አስተካከልሁት፤ ቆጠራውን ባልደረባዬ አግዞኛል» ማለት ግን እውነት ነው፤ የረዳውንም አልካደም። የማያውቀውን ሲጠየቅ «ይህን አልሠራሁትም፤ ለመማር ግን ዝግጁ ነኝ» ይበል።

ማጋነን ሩቅ አያስኬድም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ይሰናበታል። አፍ ያስገባውን እጅ ያስወጣዋል ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አሳስባለሁ። ልጃችሁ ለፈተና ሲጠራ፣ በዋዜማው ማታ ከመካከላችን በቢሮ ሥራ ያለፈ ጎረቤት ፈታኝ ሆኖ ይቀመጥና ይጠይቀው። ልጁም ዓይን ዓይኑን እያየ የሠራቸውን ሦስት ነገሮች ይንገረው። ሲናገር «ጉራህን ተው» አንበለው። የሰው ሥራ የሚነገረው በቀብሩ ቀን ብቻ አይሁን።