ቀን የተኛ ሁሉ ሰነፍ አይደለም

ሐዋሳዎች፣ እናንተ ስትነሱ የሚተኛ ሰው አለ። በር ሲጠብቅ ያደረ ዘበኛ አለ። በሽተኛ ስታስታምም ያደረች ነርስ አለች። አሞራ ገደል ላይ ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲመለሱ፣ እሷ ገና ቤቷ ገብታ መጋረጃዋን ትጋርዳለች።

ዓይኗን ከደን ከማድረጓ በሯ ይንኳኳል። «ቡና ደርሷል፣ ነይ እንጂ!» ጥሪው የፍቅር ነው። እንቅልፏ ግን በረረ። ብትቀር ደግሞ «ኮራች» ትባላለች።

አልኮራችም። ደክሟት ነው። እስቲ ዛሬ ቡናውን ወደ አመሻሽ እናድርገው። ሬዲዮኑንም ቀነስ፣ የእኔንም ድምፅ ጭምር። እሷም «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አለሁ» ትበለን። ቡና መጥራት ጉርብትና ነው፤ ማስተኛትም ጉርብትና ነው።

ለምትነሱ፣ መልካም ቀን። ለምትተኙ፣ መልካም እንቅልፍ።