የሮቢትና የቆቦ ገበሬዎች የጎርፍ ጠለፋ፤ ለመሐንዲሱ የሚሰጠው ትምህርት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ጎብዬን አልፎ ሮቢት ሲደርስ ሰፊ ሜዳ ይጠብቀዋል። በስተምዕራብ የላስታና የጊዳን ከፍታዎች፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ሜዳውን እንደ ግድግዳ ይዘውታል። አፈሩ ጥልቅና ለም ነው፤ ዝናቡ ግን አይታመንም። በዓመት በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ይጥላል ቢባልም፣ በልጉ ሊቀር ይችላል፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ማሽላው ሳያፈራ ሊወጣ ይችላል። ወሎን በ1965 እና በ1966፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. የመታው ረሃብ ምን እንደሚመስል ለዚህ ጉባኤ መተረክ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ሜዳው ላይ ሳይዘንብ ተራራው ላይ ይዘንባል። ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ ከፍታ የወረደው ዶፍ በጎሊና፣ በሆርማትና በሌሎቹ ወንዞች ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜ ሲመሽ ወይም በሌሊት፣ ደለልና ድንጋይ እያንከባለለ ከቆላው ይደርሳል። ጥቂት ሰዓታት ቆይቶም ወደ አፋር ቆላ ያልፋል። የአካባቢው ገበሬ ሕይወቱን የመሠረተው በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ላይ ነው። የወንዙን አሸዋማ ወለል በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ አግድም ከትሮ፣ ጎርፉን ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ያስገባዋል።

የነገሩን ክብደት በቁጥር ማየት ይቻላል። ለምሳሌ በሰከንድ 5 ሜትር ኩብ የሚሆን ጎርፍ ለ4 ሰዓት ቢጠለፍ 72,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ይህ ውኃ 300 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይዞ ቢተኛ 24 ሄክታር ያጠጣል። እንደ ቆቦ ያለ ጥልቅ አፈር በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ለተክል የሚጠቅም ውኃ ሊይዝ ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ በሚገባ የጠጣ ማሳ ደጋሊትንና ጅጉርቴን የመሳሰለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ለብዙ ሳምንታት ያቆየዋል። ስለሆነም የአንድ ሌሊት ሥራ የአንድ ቤተሰብ የዓመት እህል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ይህን ሥራ የሚመራው ማን ነው የሚለው ነው። አንድ ሰው ወንዝ ሊከትር አይችልም። ከትሩ በየዓመቱ ይፈርሳል፤ በአንድ ክረምትም ደጋግሞ ሊፈርስ ይችላል፤ ቦዩም በደለል ይሞላል። ስለዚህ ተጠቃሚዎቹ ከመካከላቸው ታማኝና ልበ ሙሉ የሆነውን የውኃ አባት አድርገው ይመርጣሉ። እርሱ የሥራውን ቀን ይቆርጣል፤ በሬና የሰው ጉልበት ይደለድላል፤ ተራ ያስከብራል፤ ከሥራ የቀረውን በደንቡ መሠረት ያስቀጣል። ደንቡ በወረቀት አልሰፈረም፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሥልጣኑም ከሹመት ደብዳቤ የመጣ ሳይሆን፣ ጎርፉ በሌሊት ሲመጣ አካፋ ይዞ ከወንዙ ዳር የሚገኘው ማን እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ከማየቱ የመጣ ነው።

ይህ የራያ ቆቦ ብቻ ጠባይ አይደለም። በየመን የቲሃማ ሜዳ፣ በኤርትራ ምሥራቃዊ ቆላ፣ በፓኪስታንም ተራራ ሥር ገበሬዎች ጎርፍን በከትር ጠልፈው ይካፈላሉ። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው፣ የጋራ ሀብት በባለቤቶቹ ደንብ ሊጠበቅ እንደሚችል በማሳየቷ ነው፤ ካጠናቻቸውም መካከል የስፔይንና የፊሊፒንስ የመስኖ ማኅበረሰቦች ይገኛሉ። የሮቢት ገበሬ የኦስትሮምን መጽሐፍ ሳያነብ የደረሰበት እውነት ይኸው ነው።

መሐንዲሱስ በዚህ መካከል ምን አደረገ? ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ በራያ ሸለቆ በርካታ ዘመናዊ የጎርፍ መስኖ ግንባታዎች ተሠርተዋል። አሳባቸው መልካም ነበር፤ ገበሬው በየዓመቱ ከትር ከመሥራት እንዲያርፍ ታስቦ የሲሚንቶ ከትርና የብረት መዝጊያ ተተከለ። ይሁንና ከእነርሱ ብዙዎቹ የታሰበላቸውን ያህል ማሳ ሳያጠጡ ቀሩ። መንስኤው ስውር አይደለም። ደለልና ግንድ የተሸከመ ጎርፍ ጠባቡን መዝጊያ ደፈነው። ገበሬው በተለያየ ስፍራ ያበጃቸው በርካታ መግቢያዎች በአንድ መግቢያ ሲተኩ፣ አንዱ በተዘጋ ጊዜ ሁሉም ጦሙን አደረ። ሌሊት ለሚመጣና ቀጠሮ ለማይሰጥ ጎርፍ መዝጊያ የሚከፍት ሰው ከየት ይገኛል የሚለውም በንድፉ ላይ መልስ አላገኘም።

በአንጻሩ የገበሬው ከትር በደካማነቱ የሚታማበት ነገር ጥበቡ ነው። ከልኩ ያለፈ ጎርፍ ሲመጣ ከትሩ ራሱን አፍርሶ ቦዩንና ማሳውን ያድናል፤ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የሚታሰረው ፊውዝ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የጎርፉን አደገኛ ክፍል ከነድንጋዩ በወንዙ ያሳልፋል፤ ደቃቁንና ለሙን ደለል ወደ ማሳ ያስገባል። ይህ ሲባል ግን የገበሬው ሥራ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። በየዓመቱ የሚባክነው ጉልበትና የሚቆረጠው ቅርንጫፍ እጅግ ብዙ ነው፤ ከትሩ በክፉ ሰዓት ቢፈርስም የዓመቱ ውኃ ያመልጣል። ስለዚህ መሐንዲሱ የሚረዳበት ቦታ አለው፤ ባለቤቱን አስነሥቶ የሚተካበት ቦታ ግን የለውም።

ሌላው ሊጤን የሚገባው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ሞተር ተተክሎላቸው ብዙ ገበሬ ሽንኩርትና ቲማቲም ለማምረት በቅቷል፤ ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ደርሶ ኤሌክትሪክ ለወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ በዚያ መስመር የሚሠራ ሞተር ሁሉ ቆመ። ጎርፍ ግን መብራት አይጠይቅም፤ ከትሩም መለዋወጫ አይፈልግም። የሚፈልገው በአንድነት የሚወጣ ሰው ነው። ደግሞም በማሳና በወንዝ ወለል ላይ የሚሰርገው ጎርፍ ለከርሰ ምድሩ ውኃ ከሚመለሱት አንዱ ስለሆነ፣ ሁለቱን ሥራዎች ነጣጥሎ ማቀድ ስሕተት ነው።

እንግዲህ ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ንድፍ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ የጎርፍ ወቅት ከወንዙ ዳር ማሳለፍ ነው፤ የሌሊቱን ጎርፍ ያላየ መሐንዲስ ስለ ጎርፍ መዝጊያ መወሰን አይገባውም። ሁለተኛ፣ የመግቢያዎቹ ቁጥርና ቦታ የውኃ አባቶች ሳይስማሙበት እንዳይጸድቅ ማድረግ ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለገበሬዎች ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ስለሚሰጥ፣ ሕግ አልፈቀደም የሚል ምክንያት አይገኝም። ሦስተኛ፣ የመንግሥትና የለጋሾች ገንዘብ ሁሉ በሲሚንቶ ላይ ከሚፈስ፣ በጣም በሚጎዳው ስፍራ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግንብ ለመሥራትና ከክረምቱ አስቀድሞ ጥቂት የዶዘር ሰዓት ለማስገኘት ቢውል፣ ጉልበትም ደንም ይተርፋል፤ አመራሩም በገበሬው እጅ ይቆያል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይከብዳል። ከትር በየዓመቱ ሊሠራ የሚችለው የሚሠራው ማኅበረሰብ ካለ ብቻ ነው። ወጣቱ ወደ ከተማና ወደ ዓረብ አገር እየሄደ፣ የውኃ አባትነትን የሚረከብ ሲጠፋ፣ ያልተጻፈው ደንብ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበራል። ግንብ ቢፈርስ በገንዘብ ይሠራል፤ በስንት ትውልድ የተለመደ ተራና መተማመን ከፈረሰ ግን የሚመልሰው በጀት አይገኝም። የሮቢት ገበሬ እስከ ዛሬ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ወንዙን ሲከትር ኖሯል። ሙያው ያለው ሰው ከእርሱ ጋር ሊወጣ የሚገባው ይህ ጉልበት ሳይደክም ነው።