ስለ ብስክሌት ጫማ አመራረጥ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያሰማነው ንግግር በማስታወቂያ ሰሌዳው ይለጠፍልን ብላችሁ በጠየቃችሁት መሠረት እነሆ ጽፈን አቅርበናል። በለቅሶና በሥራ ምክንያት ያልተገኛችሁ ብዙ ስለሆናችሁ አንብቡት። በስብሰባው ላይ ሳቅ ያስነሳውንም፣ ቁጣ ያስነሳውንም አልቀነስንም።

«ደግሞ ጫማ ምን ስብሰባ ያስጠራል?» የሚል ሰው እንዳለ እናውቃለን። ያስጠራል። የእናንተ የአራት ወር መዋጮ የወጣበት ጉዳይ ነው፤ የአንድ ልጃችንም እጅ የተሰበረበት ነው። ስሕተቱም የኛ የጽሕፈት ቤቱ ነው። ይህን አስቀድመን ብንናገር ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ ቀን አስፋልት ለመኪና ሲዘጋ ልጆቻችን ብስክሌት ማውጣት ጀመሩ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ተጀምሮ በየዋናው መንገድ ዳር የብስክሌት መሥመር ሲሠራ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው። ከነዚህ ውስጥ አራቱ በከተማው መንገድ አልረካ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት ተነስተው በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና፣ በዓለም ገና አድርገው ሰበታ ይደርሱና ከዚያ አስፋልቱን ትተው በፒስታው ወደ ሱባ ደን፣ ወደ ወጨጫ ተራራ ሥር ይወጣሉ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከሉት እየተባለ የሚነገርለት ያ የመናገሻ ደን ማለት ነው። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ዳገቱ ሲበረታ ወርዶ መግፋት አለ፣ ወንዝ ሲሞላ ብስክሌቱን ተሸክሞ መሻገር አለ። ከቤት መዋል ይሻላል ብለን ደስ አለንና ማኅበሩ ይርዳቸው ተባለ። እናንተም እጃችሁን አወጣችሁ። አራት ጥንድ የብስክሌት ጫማ ከነፔዳሉ ተገዛ።

ጫማው ሲያዩት ያምራል። ነጭ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሶሉ እንደ ጠረጴዛ ድርቅ ያለ ነው። የሸጠልን ሰው «ቱር ደ ፍራንስ የሚወዳደሩት የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው» አለን። አልዋሸም። እኛ ግን ቱር ደ ፍራንስ የሚሮጥበት መንገድ ምን ዓይነት ነው ብለን አልጠየቅንም። አስፋልት ነው እኮ! የኛው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያ ውድድር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲሰለፍ ጫማው ለፔዳል እንጂ ለእግር መንገድ የታሰበ አልነበረም። ጎማው ቢተነፍስ መኪና ተከትሎት ይቀይርለታል። የኛን ልጆች የሚከተል መኪና የለም።

በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሱባ ሲመለሱ የአንደኛው ጎማ ተቀደደ፤ መጠገኛቸውም አልቆ ነበር። እስከ ሰበታ በእግር መሄድ ግድ ሆነ። ያ ጫማ ከሶሉ በታች ፊት ለፊት ወደ ውጭ የወጣ የፕላስቲክ መቆለፊያ አለው፤ ልጆቹ ክሊት ይሉታል። በእሱ ላይ መራመድ ማለት በሳሙና ላይ መራመድ ነው። ቁልቁለቱ ላይ እርጥብ ድንጋይ ሲረግጥ አንሸራተተውና በእጁ ወደቀ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። እናቲቱ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው ያሉትን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ «ልጄን በጫማ ሰበራችሁት» ነው ያሉት። መልስ አልነበረንም። እስካሁንም የለንም።

ከዚያ በኋላ ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ብስክሌት ጠጋኞችን ጠየቅን፣ ጫማ ሰፊዎችን ጠየቅን፣ ለውድድር የነዱትን ጠየቅን፣ ያየነውንም በራሳችን እግር ሞከርን። የተረዳነውን እንንገራችሁ፤ ነገ ለልጁ የሚገዛ ወላጅ እንደኛ እንዳይታለል።

መጀመሪያ ነገር፣ የሚቆለፍ ጫማ ለሁሉም አያስፈልግም። ወደ ሥራ፣ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሜክሲኮ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ተራው ሰፊ ፔዳልና ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማ ይበቃዋል። ጠንከር ያለ ስንል ምን ማለታችን ነው? ስስ ሸራ ጫማ አድርጋችሁ ረጅም መንገድ ብትነዱ የፔዳሉ ብረት ውስጥ እግራችሁን ይቆረቁራችኋል፣ እግር ይደነዝዛል። የሮጫ ጫማም ወፍራም ቢሆንም እንደ ፍራሽ ስለሚሰምጥ ጉልበታችሁን ይበላዋል። ሶሉ ጠፍጣፋ፣ ላስቲኩ የሚይዝ ይሁን። ማሰሪያው ደግሞ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይግባ፤ በተለይ የቀኝ እግር፣ ካቴናው በዚያ በኩል ነውና። ማሰሪያ ካቴና ውስጥ ገብቶ የወደቀ ሰው በዚሁ ሰፈር አለ፤ ስሙን አንጠራም፣ ራሱ እየሳቀ ነው።

ወደ ፒስታ ለሚወጣ ግን የሚቆለፈው ጥቅም አለው። ኮረኮንች ላይ ብስክሌት ሲዘል እግር ከፔዳል ላይ አይነሳም። ነገር ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን እኛ አላወቅንም ነበር። አንደኛው በሦስት ብሎን የሚታሰረው፣ ወደ ውጭ የወጣው ትልቁ ነው፤ ለአስፋልት የተሠራ። ሉክ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 አወጣውና በርናር ኢኖ በሚቀጥለው ዓመት በእሱ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈበት። ሁለተኛው በሁለት ብሎን የሚታሰር ትንሽ የብረት መቆለፊያ ነው፤ የጃፓኑ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990 ለተራራ ብስክሌት ያወጣው። ብረቱ በሶሉ ውስጥ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በግራና በቀኙ ጥርስ ያለው ላስቲክ አለ። ስትራመዱ መሬት የሚነካው ላስቲኩ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ የልጃችን አንጓ የተሰበረው ይህን ባለማወቃችን ነው።

ሱቅ ውስጥ የምትፈትኑበት ቀላል ዘዴ አለ። መቆለፊያው የታሰረበትን ጫማ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በጎን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ላስቲኩ ከብረቱ ዝቅ ብሎ ጠረጴዛውን መንካት አለበት። ከዚያ አድርጋችሁት በሴራሚክ ወለል ላይ ተራመዱ፤ ቋ ቋ ካለ ብረቱ እየነካ ነውና መልሱት። ኮብልስቶን ላይ እንደዚያ የሚጮህ ጫማ ክረምት ላይ ይጥላችኋል።

የሶሉን ጥንካሬ ደግሞ በሁለት እጃችሁ ታኮውንና ጫፉን ይዛችሁ እጠፉት። ጨርሶ የማይታጠፍ ከሆነ ለእሽቅድምድም ነው፤ ሲራመዱበት ተረከዝ እየወጣ ቁስል ያመጣል። መሐሉ ላይ ከታጠፈ ልፍስፍስ ነው፤ ዳገት ላይ አያገለግልም። የሚፈለገው መሐሉ ደረቅ ሆኖ ጣቶች ያሉበት ላይ ብቻ ትንሽ እሺ የሚል ነው። ዋጋው ውድ የሆነው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ውዱ ብዙውን ጊዜ ደረቁ ነው፤ ለሚራመድ ሰው ደግሞ መካከለኛው ይሻለዋል። ለኛ ኪስ ይህ መልካም ዜና ነው።

ልኩን በሚመለከት፣ ጠዋት ጫማ አትግዙ። እግር ሲውል ያብጣል። ከሰዓት በኋላ፣ በምትነዱበት ካልሲ ለኩት። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት የሚያህል ይተርፍ፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ጥፍር እንዳይመታ። ደረጃ ካለ ውጡበት፤ ተረከዝ ከተነሳ ይልጣችኋል። ወርዱንም አትርሱ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን በባዶ እግርና በበረባሶ ያደግን ነን፤ እግራችን ሰፊ ነው። ከውጭ የሚመጣው ጫማ ደግሞ ጠባብ ይሆናል፤ 42 ተብሎ የተጻፈውም በአንዱ ፋብሪካ 42 በሌላው 41 ሆኖ ይገኛል። ቁጥሩን ሳይሆን እግራችሁን እመኑ።

እዚህ ላይ አንድ አባት ተነስተው «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አላሸነፈም ወይ?» አሉ። አሸንፏል፣ 1952 ዓ.ም.። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጦ ከሮሙ ያነሰ ሰዓት አስመዘገበ። ደግሞም አበበ ፔዳል አልረገጠም። እኒሁ አባት በ1949 ዓ.ም. እነ ገረመው ደንቦባ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው ብስክሌት መንዳታቸውንም አነሱልን፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቆላፊ ጫማ አልነበረም፣ እግር በቀበቶ ከፔዳሉ ጋር ይታሰር ነበር። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ተገርመዋል።

አዲስ መግዛት የማይችል ሰልባጅ ቢገዛ ነውር የለውም። ግን አስተውላችሁ። ለዓመታት በሣጥን የተቀመጠ ጫማ ላዩ አዲስ መስሎ ሶሉ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል፤ በአውራ ጣት ጥፍር ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑት። የብሎኑ ቀዳዳ ዝጎ እንደሆነ በብሎን ፈትሹ፤ ጥርሱ ከተበላ መቆለፊያ አይይዝም። የተላቀቀ ሶል ጫማ ሰፊ በማስቲሽና በስፌት ያድነዋል። ውስጡ ያለው ደረቅ ንጣፍ ከተሰነጠቀ ግን ማንም አያድነውም። እኛ ያንን ነጭ ጫማ እናድነዋለን ብለን የመኪና ጎማ ቆርጠን ልክ እንደ በረባሶ ከሥሩ አስለጠፍንበት። መራመድስ ተራመደ፤ ፔዳሉ ላይ ግን አልገባም አለ። የጫማ ሰፊው ድካም መና ቀረ፤ ሂሳቡን ከማኅበሩ ሳጥን ሳይሆን ከኪሳችን ከፍለናል።

ከገዙ በኋላ መቆለፊያውን በዘፈቀደ አትሰሩ። ቦታው ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጉብ ያለው አጥንት አካባቢ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሆን አይጎዳም፣ ወደ ፊት ግን አይሁን። ጠማማ ከታሰረ ጉልበት ያማል፤ ሕመሙም ቶሎ አይመጣም፣ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚነሳው። ፔዳሉ ላይ ያለችውን የስፕሪንግ ብሎን ጀማሪ ያላላት። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቀጥሎም ሣር ላይ፣ ተረከዝን ወደ ውጭ እየጠመዘዙ ማውጣት ደጋግሞ መለማመድ ነው። እግር የሚወጣው ብስክሌቱ ሳይቆም ነው፤ ከቆመ በኋላ የሚያስታውስ ሰው ተቆልፎ እንዳለ በጎኑ ይወድቃል። ይኸ በሁሉም ላይ የሚደርስ ነው፤ ትራፊክ መብራት ላይ እንዳይደርስ ብቻ።

ጭቃው ሌላ ጣጣ ነው። የሰበታ ሜዳ መረሬ አፈር ነው፤ ክረምት ሲረግጡት እንደ ሊጥ ይጣበቅና መቆለፊያውን ይደፍነዋል። ኪስ ውስጥ ትንሽ እንጨት ያዙ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ጠርጋችሁ ጫማውን ፔዳሉ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ተራው ሰፊ ፔዳል ይሻላል ባዮች ነን። ቤት ስትደርሱም ጫማውን ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አታድርቁት፣ ማስቲሹ ይለቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከአራቱ ነጭ ጫማዎች ሁለቱን ከነፔዳላቸው አስፋልት ላይ የሚነዱ ሰዎች ገዝተውናል፤ በኪሳራ ነው፣ ደረሰኙ በጽሕፈት ቤቱ አለ፣ የፈለገ ይመልከት። በጎማ ያበላሸነው አንዱ ቀርቷል፤ አንዱን ገና አልሸጥንም። በተገኘው ብር ሁለት ጥንድ ባለ ሁለት ብሎን ጫማ፣ ለሌሎቹ ሁለት ልጆች ደግሞ ሰፊ ፔዳልና ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ ይገዛ ብለን አቅርበን በድምፅ አጽድቃችሁልናል። ሦስት ሰዎች ተቃውመዋል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ተመዝግቧል።

የልጁ አንጓ ድኗል፤ መንዳትም ጀምሯል። እናቱ የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፦ ጫማው ከመገዛቱ በፊት እሳቸው ራሳቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያዩታል። ስለዚህ ነጋዴው ጫማዎቹን ለሙከራ ይዞልን የሚመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በማኅበሩ ቤት ነው። ጠዋት እናድርገው ያላችሁ ነበራችሁ፤ ከሰዓት ያደረግነው እግር ከዋለ በኋላ ለመለካት ነው። አራቱም ልጆች የሚነዱበትን ካልሲ አድርገው ይምጡ። ለራሱ ልጅ መግዛት ያሰበ ወላጅም ልጁን ይዞ መምጣት ይችላል።

የማኅበሩ ጸሐፊ