አንገታችንና እንቅርት

የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ አንገት ነው።

እስቲ እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና ምራቃችሁን ዋጡ። ከፍ ብሎ የሚመለስ ጠንካራ ነገር አለ አይደል? እሱ ማንቁርት ይባላል። ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። ከማንቁርት በታች የአየር ቧንቧ አለ። ከኋላው ደግሞ የምግብ ቧንቧ ይወርዳል። ስንውጥ የአየሩ መንገድ ይከደናል። እየበላን ስናወራ ግን ምግቡ መንገድ ይስትና ትን ይለናል።

በአየር ቧንቧው ፊት ለፊት፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የመሰለ ትንሽ ዕጢ አለ። ጤነኛ ሲሆን አይታይም። ሥራው ግን ትልቅ ነው። ሰውነት እንዲያድግ፣ አእምሮም እንዲጎለብት የሚያደርግ ሆርሞን የሚባል ነገር ያዘጋጃል። ይህንን የሚያዘጋጀው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጣ ዕጢው ይታገላል፤ ሲታገል ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህንን ነው።

በደጋው አገራችን ዝናብ አዮዲኑን ከአፈር አጥቦ ይወስደዋል። አፈሩ ካጣ እህሉም ያጣል። እንግዲህ እንቅርት እርግማን አይደለም።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባላል። ከእንቅርቱ የባሰው ጉዳት ግን ለዓይን አይታይም። እርጉዝ እናት አዮዲን በጣም ካነሳት ጽንሱ ሊጨነግፍ፣ የሚወለደውም ልጅ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል።

መከላከያው ጨው ነው። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ በሚሆን ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር ደንብ ወጥቷል። ገበያ ስትሄዱ በጨው ከረጢት ላይ «አዮዲን» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ፊደል ቆጥራችኋልና አንብቡት፤ አ - ዮ - ዲ - ን። ቤት ስትገቡ ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ያጠፉታልና። ወጥ ውስጥም ከበሰለ በኋላ፣ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

እንቅርት የወጣበት ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የአንገት እብጠት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መመርመር አለበት። በምላጭ አይበጣ፣ በእሳትም አይተኮስ። ከዕጢው ጀርባ ድምፅን የሚያዝ ነርቭ ያልፋል፤ በጎንና በጎኑ ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ። ነርቩ ከተቆረጠ ድምፅ ይበላሻል። የደም ሥሩ ከተቆረጠ ደግሞ ነፍስ ይጠፋል።

ይህንን ያነበባችሁ፣ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ለእርጉዝ ሴት ደግሞ ቀድማችሁ ንገሯት።

ደህና ሁኑ።