የቀዶ ጥገና ተማሪ ጊዜውን በምን ያሳልፋል?



የዛሬው ንግግሬ የሕክምና ተማሪዎች ቀዶ ጥገና በሚማሩበት ወራት ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ነው። ይህ የሐኪሞች እንጂ የእኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር፣ ጥቂት ይታገሠኝ።

በአዊ፣ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ጥሊሊ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ አካባቢ አንድ ገበሬ ሌሊት አንጀቱ ተጠማዘዘበት እንበል። ይህ ደዌ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። የተጠማዘዘው አንጀት ደም ስለማይደርሰው፣ ሰዓቱ በረዘመ መጠን እየሞተ ይሄዳል። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ከመኪና መንገድ ያደርሱታል። ከዚያ ወዲያ ግን ሕይወቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ሆዱን መጀመሪያ በሚዳስሰው ወጣት ሐኪም ነው። ወጣቱ «ተራ ቁርጠት ነው» ብሎ ይመልሰዋልን? ወይስ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ይደረግለት ይላል? መልሱ ተማሪ ሳለ ጊዜውን ባሳለፈበት ሁኔታ ይወሰናል።

ትጉህ ተማሪ ማለዳ መምህሩ ሳይመጣ ሕሙማኑን ይጎበኛል። «አባቴ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረዎ? ሰገራ ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎ?» እያለ ይጠይቃል፤ በሽተኛው የሚናገረው አገውኛ ብቻ ከሆነም አስተርጓሚ ይፈልጋል። የሰማውን ጽፎ፣ ሆዱን ዳስሶ፣ የመሰለውን ለመምህሩ ያስረዳል፤ ሲሳሳትም ይታረማል። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በገባ ጊዜ ምላጩን የሚይዘው መምህሩ ነው፤ ተማሪው የቁስሉን አፍ በመሣሪያ ስቦ ይዞ ለረጅም ሰዓት ይቆማል። ከሁሉ በፊት የሚማረው መቁረጥን ሳይሆን ማን፣ መቼ ሊቆረጥ እንደሚገባው መለየትን ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሚገባ የሚጠይቀው ያጣ በሽተኛም ሳይወድ በሽታውን እንደ ደበቀ ይቈጠራል።

ታዲያ ይህ ጊዜ ብዙ ጊዜ ይባክናል። ተማሪውና በተለይም በመጨረሻው ዓመት ያለው ተለማማጅ ሐኪም የደም ናሙና ተሸክሞ ሲሮጥ፣ የራጅ ውጤት ሲፈልግ፣ አልጋ ሲገፋ፣ ቅጽ ሲሞላ ይውላል። ሥራ አይናቅም፤ ሆኖም ተላላኪ ሊሠራው በሚችለው ሥራ ያለፈው ሰዓት ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ የተቀነሰ ሰዓት ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ሕዝቡ እየላከ አሠልጥኗል፤ በ1978 ደግሞ ሐኪሞችን ማስተማር ጀምሯል። በ2009ም የጤና መኮንኖች ድንገተኛ ቀዶ ጥገናን በሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩበት ሥልጠና ተጀምሯል፤ ዓላማውም ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ለሚኖረው ሕዝብ ርዳታውን ማቅረብ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡራን አድማጮች፣ ለአንድ ሐኪም ቤት ተላላኪና መዝገብ ያዥ እንዲቀጠር የሚጠይቅ ደብዳቤ ከጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ እንደ ጥቃቅን ጉዳይ አንየው። ያ ደብዳቤ ያደረበት እያንዳንዱ ቀን ከተማሪው ትምህርት፣ ምናልባትም ከጥሊሊው ገበሬ ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ነውና።

ደኅና እደሩ።