በደጋ ቤት የሞቀ ውኃ
ለቤታ ዓሣ ስለሚሠራ ዕፀዋት ያሉበት የመስተዋት ገንዳ የተደረገ ንግግር



በእንዲህ ያለው ጉባኤ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ መንገድ መናገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርእስ ግን ርዝመቱ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ የመስተዋት ገንዳ ውስጥ ስለሚኖር፣ ክብደቱ ጥቂት ግራም ብቻ ስለ ሆነ ዓሣ ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ መስሎ የሚታያቸው ቢኖሩ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ከተማ፣ በአንድ ተራ ሳሎን ውስጥ ይኸን ዓሣ በሕይወት ለማቆየት የሚነሣው ጥያቄ የሙቀት፣ የክብደት፣ የመብራት መቋረጥና የውኃ ጥራት ጥያቄ ስለ ሆነ ከሙያው የራቀ አይደለም። እንዲያውም የስሌት ስሕተት በአንድ ሌሊት ውስጥ ውጤቱን የሚያሳይበት ሥራ ነው።

ቤታ፣ በሌላ ስሙ የሲያም ተፋላሚ ዓሣ፣ አገሩ ታይላንድ ነው። እንግሊዛዊው የዓሣ ሊቅ ቻርልስ ቴት ሪገን እ.ኤ.አ. በ1910 ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ሰጠው፤ የታይላንድ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የውኃ እንስሳ እንዲሆን ወሰነ። የትውልድ ቦታው የሩዝ ማሳ፣ ረግረግና ቀስ ብሎ የሚፈስ ቦይ ነው። ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ዕፀዋት ሞልተውበታል፤ ዓመቱን በሙሉም ይሞቃል። ሁለት ወንዶች በአንድ ገንዳ ከተገናኙ እስኪጎዳዱ ድረስ ይፋለማሉና ወንዱ ብቻውን መኖር አለበት።

ዓሣው ከስንጥቡ ሌላ በራሱ ውስጥ አየር የሚተነፍስበት የተጣጠፈ አካል አለው፤ በየጊዜው ወደ ውኃው ገጽ ብቅ እያለ አየር ይጎርሳል። ይኸ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከጣና የወጣ አምባዛ ቆሮሶው ከሞተ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲላወስ ያየ ሁሉ የነገሩን ምንነት ያውቀዋል፤ አምባዛም ከስንጥቡ በላይ የአየር መተንፈሻ አካል አለውና።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ቤታ አየር ይተነፍሳልና በብርጭቆ ውስጥም ይኖራል የሚል አባባል በዓሣ ነጋዴዎችና በገዢዎች ዘንድ በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቷል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። አየር መተንፈሱ የኦክሲጅን እጥረት ካለበት ውኃ ያድነዋል፤ ከብርድና ከራሱ ቆሻሻ ግን አያድነውም። በባንኮክ ሙቀት ብርጭቆው ቢያንስ አይበርድም። በእንጅባራ ግን፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,560 ሜትር በሚደርስ ከፍታ፣ በታኅሣሥ ሌሊት ብርጭቆው የሞት ቤት ነው። ዳንግላ ከእንጅባራ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትሻላለች እንጂ ለዚህ ዓሣ እርሷም ደጋ ናት።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ እንግባ። ቤታ የሚፈልገው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለ ሆነ 26 ዲግሪን እንውሰድ፤ የክፍሉ አየር በሌሊት 14 ዲግሪ ነው እንበል። ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እስከ 27 ሳንቲ ሜትር ቢሞላ 40 ሊትር ያህል ይይዛል። ክዳን ቢኖረውና ከሥሩ ፎም ቢነጠፍለት ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽ 0.58 ስኩዌር ሜትር ይሆናል። ነጠላ መስተዋት በስኩዌር ሜትር ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 6 ዋት ያህል ያሳልፋል ብለን ብንነሣ፣ ገንዳው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 3.5 ዋት፣ ለ12 ዲግሪ ልዩነት ደግሞ 42 ዋት ያጣል። ስለዚህ ባለ 25 ዋት ማሞቂያ አይበቃም፤ ባለ 50 ዋቱ ለጥቂት ይበቃል፤ ቴርሞስታት ያለው ባለ 75 ዋት ቢገዛ ግን ጠቢብነት ነው። ፍጆታው ብርዱ ቀንና ሌሊት እንዲህ ቢዘልቅ እንኳ በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ዋናው ፈተና የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። መብራቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት፣ ማለትም ለ6 ሰዓት ቢቋረጥ፣ የ40 ሊትሩ ውኃ ከ26 ወደ 21.6 ዲግሪ ይወርዳል። ዓሣው ይደነዝዛል እንጂ አይሞትም። ያው ገንዳ በወፍራም ጋቢ ተጠቅልሎ የሚያጣው ሙቀት በግማሽ ቢቀንስ 23.6 ዲግሪ ላይ ያነጋል። 5 ሊትር ብቻ የሚይዝ ማሰሮ መሰል መስተዋት ግን በዚያችው ሌሊት ወደ 19 ዲግሪ ይደርሳል፤ በማግስቱም ማሞቂያው ሲበራ ከትልቁ ገንዳ ይልቅ ፈጥኖ ተመልሶ ይግላል። ዓሣውን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ይኸ መውጣትና መውረድ ነው። ለድልድይ ሸክም ሲሰላ የወንዙ የበጋ ውኃ እንደማይወሰድ ሁሉ ለዚህም ገንዳ መለኪያው የከፋችው ሌሊት ናት። ጋቢ በእንዲህ ያለ ስሌት ውስጥ መግባቱ ፈገግታ ቢያስነሣም ከዚህ የረከሰና የተሻለ መከላከያ በቤት ውስጥ አይገኝም። ሲጠቀለል ግን ከክዳኑ ጥግ በኩል ጠባብ የአየር መግቢያ ይተውለት። በውኃውና በክዳኑ መካከል ያለው አየርም እንደ ውኃው ሞቃትና እርጥብ ሊሆን ይገባል፤ ዓሣው የሚተነፍሰው እርሱን ነውና።

ገንዳውን ማንም መስተዋት ቆራጭ ሊያዘጋጀው ይችላል። ለዚህ ቁመት 6 ሚሊ ሜትር መስተዋት ይበቃል። ማጣበቂያው የሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ሲሊኮን መሆን አለበት፤ የኮምጣጤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋም ጥቂት ቀናት ይቆይ። ገንዳው ከአሸዋውና ከውኃው ጋራ ወደ 60 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በእንጅባራ አካባቢ የሚሠራው የቀርከሃ ዕቃ ለመቀመጫ ያማረ ቢሆንም መወዛወዙ ለመስተዋት አይስማማም፤ በውኃ ልክ የተስተካከለ የእንጨት ወይም የብረት ጠረጴዛ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ይደረግ፤ ያን ጊዜ በሽቦው ላይ የሚወርድ ጠብታ ወደ መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። እጅን ውኃ ውስጥ ከማስገባት አስቀድሞም ማሞቂያው ይነቀል።

ዕፀዋትና ዓሣ በመስተዋት ውስጥ አብረው እንዲኖሩ የማድረጉ ሐሳብ የመጣው ከአንድ ኬሚስት ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የለንደን ሰው እ.ኤ.አ. በ1850 ሁለት ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የተባለ የውኃ ሣር በአንድ ዕቃ ውስጥ አኖረ። የሣሩ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን ባደፈረሰው ጊዜ የኩሬ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ፤ እነርሱም የበሰበሰውን በልተው ውኃው ጠራ። ዓሣው የሚተነፍሰውን ሣሩ ያመነጫል፤ የዓሣው ቆሻሻ ደግሞ ለሣሩ ምግብ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ውስጥ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ።

ለአዊ ነዋሪ ደስ የሚያሰኘው ያው ቫሊስኔሪያ በጣና ሐይቅ ውስጥ የሚበቅል መሆኑ ነው። ሥር የሌለውና በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ሴራቶፊለም የተባለው ተክልም እንዲሁ በጣና ይገኛል። ሁለቱም 26 ዲግሪን ይችላሉ፤ ብዙ ብርሃንም ሆነ የተለየ ማዳበሪያ አይጠይቁም። ከውጭ የሚመጣ ተክል ፍለጋ የሚደክም ሰው በደጁ ያለውን አላየም ማለት ነው።

ነገር ግን ዋሪንግተን የጨመረውን ቀንድ አውጣ እዚህ መጨመር ቀርቶ ሳያውቁ ማስገባት እንኳ አደገኛ ነው። በአገራችን የቢልሐርዚያ በሽታ ተሸካሚ የሆነ ቀንድ አውጣ አለ፤ ከእርሱ የሚወጣው ትልም የሰውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ የተወሰደ ተክል በጓንት ይያዝ፤ ቀንድ አውጣውና በቅጠሉ ሥር የተጣበቀው ዝልግልግ ዕንቁላሉ እየተለቀመ ይወገድ፤ ከዚያም ተክሉ ለብቻው በባልዲ ውስጥ ውኃው እየተለወጠ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ትልሙ ከቀንድ አውጣው ከወጣ በኋላ ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን እምብዛም ስለማይዘልቅ፣ ቀንድ አውጣ የሌለበት ውኃ በቆየ ቁጥር እየነጻ ይሄዳል። በባልዲው ውስጥ አንድ ቀንድ አውጣ ቢታይ ግን ቆጠራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምር። ልጆች በባልዲው አጠገብ እንዳይጫወቱ መከልከል ያስፈልጋል።

ለወለሉ፣ አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ያስፋፋችው መንገድ ለዚህ አገር ይስማማል። ይኸውም ፍግ ያልተጨመረበት ተራ የጓሮ አፈር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተነጥፎ በላዩ 3 ሳንቲ ሜትር የታጠበ አሸዋ ማልበስ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ካሉት የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች የሚወጣው ቀይ ቀዳዳማ ድንጋይም ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩበት ሰፊ ገጽ አለው። ሆኖም ጠርዙ ስለታም ነውና የዓሣውን ረጅም ክንፍ እንዳይቀድ ከአሸዋው ሥር ወይም በማጣሪያው ውስጥ ይግባ። ማጣሪያውም በአየር የሚሠራው የስፖንጅ ዓይነት፣ ፍሰቱ የለዘበ ይሁን። ቤታ ክንፉ ከባድ ስለ ሆነ በወራጅ ውኃ ይደክማል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ብዙዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይኸም መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ እርሱ ብዙ ካልተከማቸ አይጎዳም፤ ዕፀዋቱም ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ቁጥር እስኪራቡ በሞቀ ውኃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ማሞቂያው ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይብራ፤ ለባክቴሪያዎቹም በየሁለት ቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልላቸው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት የሚበራ መብራት ለዕፀዋቱ በቂ ነው። አሞኒያውና ናይትራይቱ በመመርመሪያው ላይ ዜሮ ሲሆኑ፣ ሣሩም አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቤቱ ተሰናድቷል ማለት ነው። ዓሣውን ዛሬ ገዝቶ ገንዳውን ነገ የሚሠራ ሰው ነገሩን ገልብጦታል።

ዓሣው የመጣበት ዕቃ በገንዳው ውኃ ላይ ግማሽ ሰዓት ተንሳፍፎ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ይለቀቅ። ምግቡ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ የሚበላውን ያህል ብቻ ነው። ከውኃው ሩቡ በየሳምንቱ ይለወጣል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለበት ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ይደር። በእንጅባራ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። 16 ዲግሪ ከሆነው ውኃ 8.7 ሊትር ወስዶ ከእሳት እንደ ወረደ የፈላ 1.3 ሊትር ቢቀላቅሉበት 10 ሊትር ባለ 26 ዲግሪ ውኃ ይገኛል። ቢሆንም ከማፍሰስ በፊት ቴርሞሜትር ማስገባት አይጎዳም።

ዕፀዋቱ ሲያድጉ ይከረከማሉ፤ ጥያቄው የተከረከመው የት ይጣላል ነው። ይኸ ጉዳይ ከአንድ ዓሣ ሕይወት የሚበልጥ ነው። ከዳንግላ አካባቢ የሚነሡ ጅረቶች ወደ ግልገል ዓባይ ይገባሉ፤ ግልገል ዓባይም የጣና ትልቁ መጋቢ ነው። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በዓለም የተሰራጨው አበባው ስለሚያምር ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ጣና ላይ ደረሰ። የዓሣ አጥማጁን ጀልባና የገበሬውን የሐይቅ ዳር መሬት ምን እንዳደረገ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያሻም። ከገንዳ የወጣ ቅጠል ሁሉ በፀሐይ ደርቆ ወደ ፍግ ጉድጓድ ይግባ፤ የተቀዳው አሮጌ ውኃም ለጓሮ አትክልት ይፍሰስ እንጂ ወደ ቦይ አይለቀቅ። ዓሣ ማሳደር የሰለቸውም ሰው ዓሣውን ለሌላ አሳዳሪ ያስተላልፍ። ወደ ዘንገና ሐይቅ ወስዶ መልቀቅ ለዓሣው በብርድ መሞት ነው፤ ለሐይቁም ያልታወቀ በሽታ ማስገባት ሊሆን ይችላል።

ማሞቂያ መግዛት ለማይችል ወይም መብራት እጅግ በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ቤታ አይመከርም። ይኸ ማለት ግን መስተዋቱ ባዶ ይቅር ማለት አይደለም። አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ጋራ ደምበጫ የሚል ስም የሰጡት ትንሽ ዓሣ በዚሁ በዓባይ ተፋሰስ የሚኖር፣ ስሙንም ከጎጃሟ ደምበጫ ያገኘ ነው። በአገጩ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ የደጋ ወንዝ የለመደ ስለ ሆነ ማሞቂያ አይሻም። የሚሻው እንደ ወንዙ የሚንቀሳቀስና ኦክሲጅን የሞላበት ውኃ ነው። በእንጅባራ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ 15 ዲግሪ የሆነ ውኃ በአንድ ሊትር ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን ከ10 ሚሊ ግራም ወደ 7.5 ይወርዳል። ቤታው ይኸን እጥረት ከውኃው ገጽ አየር በመጎረስ ያልፈዋል፤ ጋራ ግን ያን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ መብራት በጠፋ ሌሊት ቤታው ጋቢ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ ይኸኛው በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያስፈልገዋል።