አሠልጣኝ ከየት ተነሣ?

ዛሬ ስለ መነሻ እናወራለን።

አሠልጣኝ ክለብ ሲቀይር በዋንጫ ብቻ አይመዘንም፤ መነሻውም ይታያል። እንዴት? በድርቅ ማግስት ከብት የተረከበ እረኛ አስቡ። ላሞቹ ከስተዋል፤ የጎን አጥንታቸው ይቆጠራል። ይህን እረኛ፣ ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲለመልም የሰቡ ላሞች ከተረከበው ጋር እኩል ብንዳኘው ፍርዱ ይጓደላል። መነሻቸው ይለያያላ!

እስቲ አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌን እንውሰድ። በ2010 ዓ.ም ጅማ አባ ጅፋርን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን አደረጉ። ክለቡ ሊጉን የተቀላቀለው ገና በዚያው ዓመት ነበር። ከዚያስ? ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄዱ፤ በ2011 ዋንጫውን እዚያም አነሡ። መቀሌም ቢሆን በሊጉ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። እኔ ከዋንጫዎቹ ቁጥር ይልቅ ይህን መነሻ አስበልጣለሁ።